ባሕሩ ለምን እንደ ግድግዳ ቆመብኝ?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ጎንደር ነው። በዘይት ቀለም መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ። አንድ ደንበኛ ለሳሎኑ የሚሰቀል 80 በ120 ሳንቲሜትር ሥዕል አዞኛል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ጸጥ ያለ በረንዳ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ሁለት ወንበር፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሐምራዊ አበባ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር። ፎቶም ልኮልኛል። ሠርቼ ሳሳየው «ቆንጆ ነው፣ ግን አያሳርፍም» አለኝ። እውነቱን ነው። ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥላው ጥላሸት መስሏል። ነጩ ግድግዳ ካርቶን ነው የሚመስለው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የተሻለ ሰማያዊ ልግዛ? ወይስ ሥራውን ልመልስ? ለማቅጠኛ የገበያ ተልባ ዘይት ብጠቀምስ? የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው።»

ሥራውን አትመልሺ። ሰማያዊም አትግዢ።

የደንበኛሽን ፎቶና የሥዕልሽን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እጅሽ ጥሩ ነው። የወንበሮቹ እግር ወለሉን ረግጧል። አየር ላይ የሚንሳፈፍ ወንበር የሚሥል ስንት ሰው አለ መሰለሽ! ሰማያዊሽም አልትራማሪን መሆኑ ያስታውቃል። ይበቃሻል። ድሮ ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ ድንጋይ እየተፈጨ ነበር የሚሠራው፤ ዋጋውም ከወርቅ ጋር ይፎካከር ነበር። በ1820ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ በፋብሪካ መሥራት ከተቻለ ወዲህ ግን ማንም የሚገዛው ቀለም ሆነ። ርካሽ ስለሆነ አትናቂው።

ችግርሽ ባሕሩ አይደለም፤ አየሩ ነው። የጎንደርን አየር ወስደሽ ባሕር ላይ ዘርግተሽዋል።

ቅኔ እየዘረፍኩብሽ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየራችን ስስ ነው፤ በበጋ ደግሞ ደረቅ ነው። ጥቅምት ላይ ቀና ብለሽ ሰማዩን ስታዪው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ሩቅ ያለው ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የፋሲል ግንብ ጥላ ሣሩ ላይ ሲወድቅ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ዓይንሽ ያደገው በዚህ ብርሃን ነው። ሌላም ነገር አለ። ጎንደር በተራራ የተከበበች ስለሆነች የሰማዩን የመጨረሻ ታችኛ ክፍል አናየውም። ተራራው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሰማይ ስንል የምናስበው ከአናታችን በላይ ያለውን ሰማያዊ ነው።

ባሕር ዳርቻ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። (ባሕር ዳርቻ ያልኩት ባሕር ዳርን አይደለም፤ እንዳትቀየሙኝ ባሕር ዳሮች።) አየሩ ወፍራም ነው። እርጥበት አለው፤ የጨው ብናኝ አለው። ሰማዩ ከላይ ሰማያዊ ሆኖ ወደ አድማሱ ሲወርድ ይነጣል። ውሃ የገባበት ወተት ይመስላል። ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ጠርዙ ይለሰልሳል። አንቺ ግን ሰማዩን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀብተሽዋል። ባሕሩንም እንደዚያው። ሁለት ሰማያዊ ጣውላ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ቆመ። ደንበኛሽ «አያሳርፍም» ያለው ይሄን ይመስለኛል። ዓይኑ ርቆ የሚሄድበት ቦታ አጣ።

እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ባሕር ያየሁት በሰላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጅቡቲ ወርጄ። ከዚያ በፊት ግን ስድስት የባሕር ሥዕል ሸጬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የመጀመሪያውን እናቴ አየችውና «ይሄ የጤፍ ማሳ ነው?» አለችኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን አኮረፍኩ። አሁን ሳስበው ግን ከሁላችንም በላይ በደንብ ያየችው እሷ ናት። ሥዕሉ ላይ ጥሩ የነበረው ብቸኛ ነገር እሱ ነበር። ማሳ መስሎ ተኝቷል። ባሕር ሲሣል መጀመሪያ መተኛት አለበት። ሰማያዊነቱ በኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ እንዴት እናስተኛው?

ክር አምጪ። የበረንዳውን ወለል የሸክላ መስመሮች በክር ወደ ላይ አስረዝሚያቸው። ወደ ውስጥ የሚሄዱት መስመሮች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ያ ነጥብ አድማሱ መስመር ላይ መውደቅ አለበት፤ ምክንያቱም አድማስ ሁልጊዜ በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ልክ ነው። ተቀምጠሽ ብታዪው ዝቅ ይላል፤ ብትቆሚ አብሮሽ ይነሣል። ያንቺ መስመሮች በእኔ ግምት ከአድማሱ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብለው ነው የሚገናኙት። ምን ማለት ነው? ወለሉን የሚያየው የተቀመጠ ሰው ነው፤ ባሕሩን የሚያየው የቆመ ሰው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሸራ! ባሕሩ በደንብ ይታይልኝ ብለሽ ከፍ አድርገሽዋል፤ አይደል? ሁላችንም እናደርገዋለን። ባሕሩን ከፍ ባደረግሽው ቁጥር ግን ግድግዳ እየሆነ ነው የሚሄደው።

አድማሱን አውርጂው። ባሕሩ ያንሳል። ይነስ። ሰማዩ ይሰፋል፤ ዕረፍቱ ያለው እዚያ ነው። ወለሉን እንደገና ከመሥራት ይሄ ይቀልሻል።

ቀጥሎ ማዕበሉ። ቅርብ ያለውንም ሩቅ ያለውንም በአንድ መጠን ነው የሠራሽው፤ እንደ መሶብ ስፌት ተደርድሯል። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ አትሰልቺ። ዓይንሽ ከውሃው በላይ 10 ሜትር ላይ ነው እንበል። 100 ሜትር ላይ ያለችን ጀልባ ከአድማሱ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርገሽ ብትሥያት፣ 1 ኪሎሜትር ላይ ያለችው ዝቅ የምትለው 1 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አድማሱ ደግሞ ከዚያ ከፍታ ሲታይ 11 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ከላይ ያለችው አንዲት ሳንቲሜትር አሥር ኪሎሜትር ውሃ ይዛለች ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ማዕበል አይታይም። አንድ ለስላሳ የብሩሽ ምት፣ በቃ። ማዕበሉን ታች፣ ለበረንዳው አጥር ቅርብ የሆነው ላይ ብቻ ሥሪው፤ እሱንም ቁጠቢ።

ይሄን በዓይንሽ ለማየት ባሕር አያስፈልግሽም። ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ የሚሄደውን መኪና ተሳፍረሽ ደምቢያ ሜዳ ላይ ወደ ውጪ እዪ። ቅርብ ያለው ማሳ ሰፊ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ይጠባል፤ ሩቅ ያለው ክር ይሆናል። እናቴ የጤፍ ማሳ ያለችው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ልስጥሽ፤ ያለዚያ ሕግ ብቻ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1867 ሰንት አድሬስ በምትባል የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ አንድ በረንዳ ሠርቷል። ሥዕሉ ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው። መጠኑም ካንቺው ብዙ አይርቅም፤ 98 በ130 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ፎቶውን ፈልጊና እዪው። አባቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አበባው ፈክቷል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ባንዲራ ይውለበለባል፤ ባሕሩ ላይ መርከብ ሞልቷል። አድማሱ ከቆሙት ሰዎች ራስ በላይ ነው፤ ሠዓሊው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል እያየ ስለሠራው። እና ባሕሩ እንደ መጋረጃ ቆሟል! ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ በረንዳ፣ ባሕር፣ ሰማይ፣ ሦስት አግድም ሰቅ አድርጎ። በዚያ ዘመን የጃፓን የእንጨት ሕትመት ሥዕሎች የፓሪስን ሠዓሊያን ልብ ሰርቀው ነበር። ስለዚህ የቆመ ባሕር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን የሞኔ ወለልም፣ ሰዎቹም፣ ባሕሩም የሚታዩት ከአንድ ዓይን ነው። እንደዚያም ሆኖ ሥዕሉ ደስ ይላል እንጂ አያሳርፍም። ነፋስ አለው፣ ግርግር አለው። የደንበኛሽ ጥያቄ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። አድማሱ ጋ ምን ይሁን? ውሃ መስታወት ነው፤ ግን ተንኮለኛ መስታወት ነው። ቁልቁል ስታዪው ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 2 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከበረንዳው ሥር ያለው ውሃ አሸዋውንና ድንጋዩን የሚያሳይሽ ለዚህ ነው። ራቅ ሲል ግን ዓይንሽ ውሃውን በጎን ያየዋል፤ ያኔ ሰማዩን መመለስ ይጀምራል። የትኛውን ሰማይ? ጥያቄው እሱ ነው። ጸጥ ያለ ባሕርም ትንንሽ ማዕበል አለው። ወደ አንቺ ያዘነበለው የማዕበል ፊት የሚመልሰው አድማሱ ጋ ያለውን ነጭ ሰማይ ሳይሆን ከፍ ያለውን ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከጀርባሽ ወይም ከጎንሽ ስትሆን፣ አድማሱ ላይ ባሕሩ ከሰማዩ ጠቆር ይላል። ፀሐይ ከፊት ለፊትሽ ከሆነች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ብር ሆኖ ያብረቀርቃል። በደንበኛሽ ፎቶ ላይ የወንበሮቹ ጥላ ወደ ግራ ነው የወደቀው። ፀሐይዋ ከጎን ናት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ያዢ።

ቀለሙን እንዲህ ሞክሪው። ለአድማሱ ሰማይ ነጭ ውሰጂና የሎ ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) በጣም ትንሽ፣ አልትራማሪን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ጨምሪበት። ሰማያዊ መባሉ ሊያጠራጥርሽ ይገባል። ከሥሩ ላለው ባሕር አልትራማሪንና ነጭ ቀላቅለሽ፣ እንዳይጮህ በበርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጠብታ አብርጂው። ወደ ታች ስትወርጂ ሲየናውን ተዪና ትንሽ አረንጓዴ አስገቢ። ዳርቻው ላይ ኦከር። አድማሱን በማስመሪያ አታስምሪው። ሁለቱም ቀለም እርጥብ እያለ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንዴ ብቻ አግድም አሳልፊበት። አንዴ ብያለሁ። ሁለቴ ካደረግሽው ጭጋግ ይሆንብሻል።

አንዱ ቀለም ሌላው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብሽም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊያን ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለውን መደብ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እያሸጋገሩ ይቀቡ ነበር። አድማስ የለውም፤ አየር ግን አለው። የኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው የሠሩት። አፍንጫሽ ሥር ነው ያለው።

ጥላሸት ወደሆነው ጥላ ልምጣ። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የስልኩም ነው። ካሜራ ፊት ለፊቱ የሚያበራ ባሕር ካገኘ ብርሃኑን ለባሕሩ ይመጥንና በረንዳውን ያጨልመዋል። እዚያ የቆመ ሰው ዓይን ግን ሁለቱንም ያያል። አንቺ የስልኩን ጥቁር አምነሽ ጥቁር ቀለም ቀባሽ። ጥቁሩን ቱቦ ለሦስት ሳምንት ለጎረቤት አደራ ስጪው።

የበረንዳ ጥላ ብርሃን የሌለበት ቦታ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ አልደረሰችውም እንጂ ሌላው ሁሉ ደርሶታል። ከላይ ሰማዩ ሰማያዊ ይልክበታል። ከታች ፀሐይ የመታው ሸክላ ወለል ሞቅ ያለ ብርቱካንማ ይረጭበታል። ስለዚህ የነጭ ግድግዳ ጥላ ከላይ ወደ ሰማያዊና ሊላ ይሄዳል፣ ወለሉ አጠገብ ደግሞ ይሞቃል። የጣሪያው ሆድ እንዲያውም ከሁሉም ይሞቃል። እዚያ ላይ ኦከርና ነጭ፣ ትንሽ ሲየና ብትቀቢ በረንዳው ወዲያው ይተነፍሳል።

ነጩን በተመለከተ ሆዋኪን ሶሮያን እዪ። የስፔኗ ቫሌንሲያ ሠዓሊ ነው፤ ከ1863 እስከ 1923 ኖሯል። በ1896 የሠራው አንድ ትልቅ ሥዕል ቬኒስ ውስጥ ካ ፔዛሮ ሙዚየም አለ። ሰዎች አበባና ቅጠል በሞላው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንድ ግዙፍ ነጭ የጀልባ ሸራ ይሰፋሉ። የሥዕሉ ትልቁ ክፍል ነጭ ጨርቅ ነው። ቀርበሽ ስታዪው ግን ንጹሕ ነጭ ያለው በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ሌላው ሊላ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነው፣ ከቅጠሉ የተረፈ አረንጓዴ ነው። ካርቶን የሚመስለው ግድግዳሽ ያ የለውም። ከቱቦው የወጣ ቲታኒየም ነጭ ከዳር እስከ ዳር ለቅልቀሽበታል።

ሶሮያን በስልክ ከማየት የሚሻል ትምህርት ግን አለሽ። እሑድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ ሂጂ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር የተቀመጡትን እናቶች ነጠላ እዪ። ፀሐይ የመታው ትከሻ ያቃጥላል፤ እሱ ነው ነጭ። ጥላ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ነው። ብርሃን በስሱ ጨርቅ ውስጥ አልፎ የሚመጣበት ጠርዝ ደግሞ ወርቅማ ነው። ሦስቱንም በአንድ ነጠላ ላይ ታገኛቸዋለሽ። ትንሽ ደብተር ይዘሽ ጻፊው እንጂ ስልክ አታውጪ፤ ስልኩ መልሶ ይዋሽሻል። ደግሞም ነውር ነው።

ሐምራዊው አበባ ቡጋንቪላ ነው። እዚህም በየአጥሩ ስላለ ታውቂዋለሽ። ሐምራዊው ነገር አበባው አይደለም፤ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። ይሄ ለሠዓሊ ጠቃሚ ነው። ቅጠሉ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከኋላው ፀሐይ ካለች እንደ ፋኖስ ይበራል። አንቺ እያንዳንዱን በነጭ ጠርዝ አስጊጠሽዋል። አታድርጊው። ሦስት አራት ቦታ ላይ ንጹሕ ደማቅ ቀለም አስቀምጪ፤ ሌላውን ጥላ ውስጥ አደብዝዥው።

አሁን የምትቀየሚኝ ነገር ልናገር ነው። ፎቶው ላይ የሌሉት ሦስቱ ወፎች ከየት መጡ? ባርኔጣውስ? ሁለቱ የወይን ብርጭቆዎች? ነጭ ሸራ ያላት ጀልባስ? ባሕሩ ባዶ መስሎሽ ፈርተሽ ነው የሞላሽው። ይገባኛል። ዛሬ ለሆቴልና ለሳሎን የሚሸጠው የባሕር በረንዳ ሥዕል ሁሉ እንዲህ ሆኗል። ፀሐይ መጥለቅ፣ ወፍ፣ ብርጭቆ፣ ጀልባ፣ ድመት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። ጸጥታን በዕቃ ብዛት ማምጣት አይቻልም። ወፎቹን አጥፊ። ብርጭቆዎቹን አንሺ። ጀልባዋን ከወደድሻት አንድ ሚሊሜትር አድርገሽ አድማሱ ላይ ተያት። አንድ ወዳጄ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ጀበና ብታስቀምጥስ ይላል። በእኔ በኩል አይሆንም። በረንዳው የሰው አገር በረንዳ ነው። ደንበኛሽ ያላዘዘውን ጀበና ብታስቀምጪለት ቱሪስት ቤት ይመስልበታል።

አንድ ነገር ግን አስተካክይ። ጠረጴዛው ከሥዕሉ ታችኛ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ መንገዱን ዘግቷል። ትንሽ ወደ ቀኝ ግፊውና በግራ በኩል ባዶ ወለል ተዪ። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዚያ በኩል ይገባል።

ወደ ዕቃው እንሂድ፤ ጥያቄሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። የገበያ ተልባ ዘይት አትጠቀሚ። እርግጥ ነው፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይትም የተልባ ነው፤ ዘሩ አንድ ነው። ግን ለሥዕል የሚሆነው የተጣራ ነው። ያልተጣራው ልጋግ አለው፤ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ግድግዳሽን በሁለት ዓመት ቅቤ ያደርግብሻል። የኑግ ዘይት የሚሉሽም ይኖራሉ። እሱ ደግሞ አለቅጥ ይዘገያል፤ አቧራ እየሰበሰበ ይከርማል። ኑጉን ለወጥ አቆይው።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ስለዚህ ከታች የሚሆነው ንጣፍ ዘይቱ ያነሰ፣ በተርፐንታይን (በማቅጠኛ ፈሳሽ) የቀጠነ መሆን አለበት። ዘይት የበዛበት ከላይ ነው። ብትገለብጪው ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ለአንድ ሆቴል የሠራሁት ትልቅ ሥዕል በዓመቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰንጥቆ ተመለሰልኝ። ሥዕሉ አሁንም ቤቴ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

አንድ አደገኛ ነገርም አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ ላይ አትጣይ። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ከተከማቸ በራሱ ጊዜ እሳት ሊነሣ ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሪው ወይም ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው።

አሁን ሸራው ላይ ያለውን እንዴት ታርሚዋለሽ? አድማሱን ስታወርጂ ጥቁሩ ባሕር በነበረበት ላይ ነጣ ያለ ሰማይ መቀባትሽ ነው። ዝም ብለሽ ብትደርቢበት ዛሬ ይሸፍናል። ግን የዘይት ቀለም እያረጀ ሲሄድ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል፤ ከዓመታት በኋላ የድሮው አድማስ እንደ መንፈስ ከሰማዩ ውስጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀለም ቢላ ጎርበጥ ያለውን ፋቂ። የደረቀውን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አለስልሺው። እርጥብ ያልኩት ለሳንባሽ ብዬ ነው። ከዚያ ቲታኒየም ነጭና ትንሽ ኦከር ቀላቅለሽ፣ ዘይት ሳትጨምሪ፣ ያንን ሰቅ ሸፍኚው። በዚህ ላይ ነው ሰማዩ የሚመጣው።

ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ ግን አትንቀዥቀዢ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀን ፋቂና ሽፋኑን ጨርሺ። ከዚያ አምስት ስድስት ቀን ሸራውን ተዪው፤ ጎርጎራ የምትሄጂው ያኔ ነው። ስትመለሺ ሰማዩንና ባሕሩን በአንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ጨርሺ፤ አድማሱ በእርጥብነቱ መገናኘት ስላለበት። የመጨረሻው ሳምንት ለጥላውና ለግድግዳው ይሁን። ቫርኒሽ አትቀቢ። ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለበት፤ ለደንበኛሽም ቀድመሽ ንገሪው። በኋላ መጥተሽ እንደምትቀቢለት ስታሳውቂው እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ጎርጎራ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ውሃው ፊት ተቀመጪ። ከፍ ያለ በረንዳ ካገኘሽ እሰየው፤ አንድ ሻይ አዝዘሽ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይቻላል። ፊትሽን ወደ ደቡብ አዙሪ። ጣና ሰፊ ስለሆነ ማዶው አይታይሽም፤ ውሃው ከሰማይ ጋር ይገጥማል። ሰማዩ እዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚነጣ እዪ። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ከሁለቱ የቱ እንደሚጠቁር ጻፊ። በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ10 ሰዓት ደግመሽ ጻፊ። ቁጭ በይ፤ ከዚያ ተነሥተሽ ቁሚ፤ አድማሱ አብሮሽ ሲነሣ ታዪዋለሽ። ከክረምት በኋላ ውሃው ቡናማ ነው። መገጭና ርብ ወንዞች የሚያወርዱት አፈር ነው። «ቡናማ ነው፣ ምን ይሠራልኛል?» ብለሽ እንዳትመለሺ። ቀለሙን አትቅጂ። የትኛው ከየትኛው እንደሚጠቁርና የትኛው ጠርዝ እንደሚለሰልስ ነው የምትቀጂው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስላለ አየሩ ያን ያህል አይወፍርም፤ ስለዚህ ሥዕልሽ ላይ ልስላሴውን ካየሽው ትንሽ አብዢው።

ስትጨርሺ ፎቶ ላኪልኝ። መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። አንዱን ባለ ቀለም፣ አንዱን ደግሞ ጥቁርና ነጭ አድርጊው፤ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።